ነጭ ቀለም የተቀባው ብሎን

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ዝቅ ያለች አረንጓዴ ባለ ሁለት ወንበር መኪና፣ እንደ ሰከረ ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ወደ ጋራዡ ግቢ ገባች። ባለጋራዡ ይህችን ቀን ረስቷት ቢሆን ደስ ባለው ነበር። ነገር ግን የማይረሳ ሰው ነው።

እናት አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ግን የለም። ደንበኛውም ጎረቤቱም «እስቲ ልየው» ይለዋል። አንድ ሠራተኛ «ፍሬኑን አስተካክያለሁ» ቢለው መልሱ «እስቲ ልየው» ነው። ውጪ ዝናብ ነው ቢሉት «እስቲ ልየው» ብሎ ይወጣል፤ ረጥቦ ይመለሳል። በእጮኝነታቸው ዘመን ሚስቱ «እወድሃለሁ» ብትለው «እስቲ ልየው» አላት እየተባለ በሰፈሩ ይቀለዳል። እሷም እስከ ዛሬ ቀልዱን አላስተባበለችም።

ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ያስተማሩት ከባድ የጭነት መኪናዎች ናቸው። የጭነት መኪና ደግሞ ሳቅ የማያውቅ አስተማሪ ነው፤ አንድ ያልጠበቀ ብሎን ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ፣ ፊደሎቹ እየወጡ እየወረዱ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ጻፈ። ከጽሑፉ ሥር ካለው ምስማር ላይ የነጭ ቀለም ጣሳና አንዲት ቀጭን ብሩሽ ይንጠለጠላሉ። የቤቱ ሕግ ይህ ነው፤ አንድን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቀ ሰው በብሎኑ ራስ ላይ ነጭ ነጥብ ያደርጋል። ነጭ ነጥብ ያለበትን ብሎን ሌላ ሰው አይነካም። የነካ እንደሆነ «አላመንኩህም» ማለቱ ስለሆነ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሕጉን ያወጣው እስቲ ልየው ነው፤ የሚጥሰውም እሱ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ፣ የቀቡትን ብሎን ሁሉ እየዞረ በቁልፍ ይሞክራል።

ከአረንጓዴዋ መኪና የወረዱት ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ጣቶቻቸው አብረው ይናገራሉ።

«ምን ሆነችብዎ ዶክተር?» አላቸው።

«ደነቆረች።»

«ድምፅ አጣች ነው የሚሉኝ?»

«ኧረ ድምፁስ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል! የደነቆረው መሪዋ ነው። ዱሮ መንገዱን በመዳፌ እሰማው ነበር። አሸዋ ስረግጥ አሸዋ መሆኑን፣ እርጥብ ስረግጥ እርጥብ መሆኑን መሪው ይነግረኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ጥርስ የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ በመሣሪያው ጫፍ ያለውን ነገር ጣቴ ካላወቀው ጉድ ይፈላል። አሁን ግን የሱፍ ጓንት አድርጌ ጥርስ የምነቅል ነው የሚመስለኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የእስቲ ልየው አማች፣ የአንዲት ልጁ ባል ነው። ይህ ወጣት በልጅነቱ ከአንድ ብርቱ ባለሙያ ሥር የትንንሽ መኪናዎችን የታችኛውን ክፍል ሥራ ተምሯል። ኋላ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ዓመታት በመንገድ ላይ ቆየ። ሚስቱ ስትወልድ፣ ልጁ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ እንዳያውቀው ብላ ለመነችው፤ አባቷንም ለመነች። እነሆ ከጥቂት ወራት ወዲህ በጋራዡ ይሠራል። እስቲ ልየውም ከጥቂት ወራት ወዲህ፣ ለምሳ ሲቀመጥ እንኳ፣ አንድ ዓይኑን አማቹ ላይ ያደርጋል።

ሐኪሟ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቼ ‹እማዬ፣ የደከመው እጅሽ እንጂ መኪናዋ አይደለችም፤ ሽጪያት› ይሉኛል። እኔ ሐኪም ነኝ፤ እውነት ከሆነ አልቆጣም። ደኅና አድርጋችሁ ሠርታችኋት አሁንም ካልሰማኋት፣ የእጄ ነገር አብቅቷል ማለት ነው። ቁልፉን አስረክባለሁ።»

አማቹ በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን በሁለት ጣት አወዛወዘ፤ ከዚያም ከሥሯ ገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህን መሪ እንዲህ በስፖንጅ ጠቅልሎ ያለበሰው ማነው?»

«ልጄ ነው፤ እጅሽን እንዳይቀዘቅዝሽ ብሎ።»

«እነዚህን ሰፋፊ ጎማዎችስ?»

«እሱው ነው፤ ያምራል ብሎ።»

«ይወድዎታል፤ ግን ጆሮዎን ደፍኖብዎታል። ጎማዋ በፋብሪካ የተሰጣት ቀጭኑ ነው። ጎማ የሚሸከሙትን ክንዶቿን ከሻሲው፣ ከአካሏ አጥንት፣ ጋር የሚያያይዙት ላስቲኮችም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ላስቲኩን ልቀይር፣ የመሪውን መጋጠሚያዎች ልቀይር፣ ጎማዋን ልመልስ፣ የጎማዎቿን አቅጣጫ በክር ለክቼ ላስተካክል። ከዚያ በኋላ ሳንቲም ቢረግጡ ጎፈር ይሁን ዘውድ ይነግሩኛል።»

ሐኪሟ ሳቁ። እስቲ ልየው አልሳቀም። እንዲህ ደፍሮ ቃል የሚገባ ሰው አይጥመውም።

«መልካም» አለ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ በሚሰሙበት ድምፅ። «ይህች መኪና ፈተናህ ናት። ዶክተር ረክተው ከወጡ፣ በዚህ ቤት ከሞተር በታች ያለው ሥራ በሙሉ ያንተ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ካልረኩ ደግሞ የጭነት መኪናህ አልጠፋችም።»

«እሺ ጋሼ» አለ አማቹ።

በዚያው ቀን ለእስቲ ልየው ልጁ ስልክ ደወለችለት። «አባዬ፣ ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ፤ መኪናዋን አትንካበት።»

«ማን ይነካበታል?»

«አንተ! አባቴ አይደለህ፣ አላውቅህም? አልነካም በለኝ።»

«አልነካም።»

«ማልልኝ።»

«የእኔ ቃል መሐላ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አማቹ ማክሰኞ ዕለት ላስቲኮቹን፣ መጋጠሚያዎቹንና ቀጫጭኖቹን ጎማዎች ገዝቶ መጣ፤ ረቡዕ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ በአራት ማቆሚያ ላይ አስቀመጣት። እግሮቿን አንጠልጥላ ስትታይ የተነቀለ ጥርስ ትመስል ነበር። ክንዶቿን አወረደ፣ አሮጌውን ላስቲክ እየገፋ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ መልሶ ሰቀላቸው። እስቲ ልየው ከሩቅ ሆኖ የራሱን ሥራ የሚሠራ እየመሰለ ሁሉንም አየ። ስህተት ፈለገ፤ አላገኘም። ይህም አልጣመውም።

ከምሳ ሰዓት በፊት የአማቹ ስልክ ጮኸ። ሕፃኑ ትኩሳት ይዞታል፤ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

«ጋሼ፣ ልሂድ። የቀረኝ ጥቂት ነው፤ ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ። እንዳለች ትቆይልኝ።»

«ሂድ፣ ሂድ። ሕፃኑ ይቀድማል» አለው፤ ከልቡ ነበር።

ነገር ግን አማቹ ከበሩ እንደ ወጣ፣ «እንዳለች ትቆይልኝ» ያለው ቃል በጆሮው ውስጥ እንደ ዝንብ ይዞር ጀመር። ለምን እንዳለች? ምን የተደበቀ ነገር አለ? ሠራተኞቹ ምሳ ወጡ። ግቢው ጭር አለ። እስቲ ልየው ካርቶን አነጠፈና በጀርባው ተንሸራቶ ከአረንጓዴዋ መኪና ሥር ገባ። የመጀመሪያውን ብሎን በጣቱ ሞከረ።

ዞረለት!

ሁለተኛውን ሞከረ፤ እሱም ልቅ ነው። ሁሉም ልቅ ናቸው፤ በእጅ ተይዘው የተተዉ ናቸው። በዚያች ሰዓት የተሰማው ንዴት አልነበረም። ንዴት ቢሆን ኖሮ ኋላ ባላፈረበት። የተሰማው ደስታ ነው፤ ሲፈልገው የኖረውን ስህተት በእጁ የጨበጠ ሰው ደስታ። «ያውልህ ባለሙያ!» አለ ለብቻው፣ ከሥሯ ሆኖ። ትልቁን ቁልፍ አምጥቶ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሁሉንም አጠበቀ። ከዚያም በሕጉ መሠረት ነጭ ነጥብ አደረገባቸው። ቦታው ተፈልጎ ስለ ነበር ቀጫጭኖቹን ጎማዎች አሥሮ መሬት ላይ አወረዳት። አፍንጫዋን እንደ አውራ ዶሮ ቀና አድርጋ ቆመች። ይህንንም አየ፤ አዲስ ላስቲክ ስለ ሆነ ነው ብሎ አለፈው።

በማግሥቱ አማቹ እንቅልፍ ባጣ ዓይን መጣ። ሕፃኑ ተሽሎታል። መኪናዋን መሬት ላይ ሲያያት ግን ከበሩ ላይ ቆመ።

«ማን አወረዳት ጋሼ?»

«እኔ። ቦታው ተፈለገ።»

ተንበርክኮ ከሥር አየ። ነጩን ነጥብ አየ።

«ብሎኖቹንም እርስዎ ነዎት ያጠበቋቸው?»

«ልቅ ነበሩ። ብሎን ልቅ ትቶ የሚሄድ ባለሙያ እኔ አላየሁም።»

«አውቄ ነበር ልቅ የተውኳቸው። ይሁን። ግን ያጠበቋቸው መሬት ከያዘች በኋላ ነው፣ አይደል? በጎማዋ ቆማ?»

እስቲ ልየው ጥያቄው አልገባውም። መሬት ላይ ወይም አየር ላይ፣ ብሎን ብሎን ነው፤ የእሱ የጭነት መኪናዎች እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውት አያውቁም። «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን በአማቱ ፊት የሚማር አማች እንጂ፣ በአማቹ ፊት የሚማር አማት የት አለ? ደግሞም ጠረጠረ። ይህ ልጅ የሚመጣውን ጥፋት የሚያላክክበት ጀርባ እየፈለገ ይሆናል።

ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አዎ» አለ። «ታዲያ ተሰቅላ ሳለች አጠብቃታለሁ? ልጅ መሰልኩህ?»

የአማቹ ፊት ተፈታ። «ኧረ ይቅርታ ጋሼ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ አቀለሉልኝ» አለውና ክሩን ይዞ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለማስተካከል ሄደ። ነጭ ነጥብ ያለበትን ብሎን ዳግመኛ አልነካም፤ የቤቱ ሕግ ነው።

ዓርብ ሐኪሟ መጡ። አማቹ ስፖንጁን ገፎ የመሪውን ቆዳ አጽድቶት ስለ ነበር፣ ገና ሲይዙት «ዓይንህን ግለጥ እንዳሉት ዕውር ሆንኩ!» ብለው ሳቁ። ሁለቱ አብረው ወጡ። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ጠበቁ። እስቲ ልየው ከሁሉም ኋላ ቆመ።

ሲመለሱ የሐኪሟ ሳቅ አልነበረም። መኪናዋ የበሩን ጉብታ ስትሻገር እንደ ፍየል ዘለለች። ወደ ግቢው ስትታጠፍም መሪው እንደ ታጠፈ ቀረ፤ ራሱ ወደ ቦታው መመለስ ሲገባው፣ ሐኪሟ በሁለት እጃቸው ጎትተው መለሱት። ሞተሩን አጠፉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት፤ የሰው እጅ የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ አትዘን» አሉ ለአማቹ። «ከሥሯ ያለውን ሁሉ አሳይተኸኛል፤ ሁሉም አዲስ ነው። እንግዲህ የቀረው አሮጌ ነገር ይህ ነው» ብለው ሁለት መዳፎቻቸውን ዘረጉ። «የሚገዛት ሰው ፈልጉልኝ።»

«ዶክተር፣ እጅዎ አይደለም! እኔም አሁን ነድቻት አይቻለሁ፤ ከባድ ናት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ምን እንደ ሆነ ግን…» አማቹ ተንበርክኮ ከሥር አየ። ዓይኑ ነጩ ነጥብ ላይ አረፈ። ቀና ብሎ አማቱን አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና «አይ፣ እሱስ ተረጋግጧል» አለ። «የላስቲኩን ዓይነት አሳስቼ መርጬ ይሆናል።»

ሁሉም ወደ እስቲ ልየው ዞሩ። የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነበር። የተናገረውም አንድ ቃል ነው፤ ግን ያኛው አልነበረም።

«ተነጋግረናል» አለ፤ የሰኞውን ፈተና ማለቱ ነው።

አማቹ አልተከራከረም። ዕቃዎቹን በጨርቅ እየወለወለ በሣጥኑ ውስጥ ደረደራቸው። ሰኞ ጠዋት የምትነሣ ሲሚንቶ ጫኝ መኪና ሹፌር አጥታለች ይባላል፤ ሄዶ ይጠይቃል።

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው ራሱን መጠርጠር ሲጀምር ልማድ ስለሌለው ክፉኛ ይጨነቃል። «መሬት ከያዘች በኋላ ነው፣ አይደል?» የሚለው ጥያቄ ከእስቲ ልየው ጋር ገበታ ቀረበ፤ ከእስቲ ልየው ጋር ተኛ። ለምን ጠየቀኝ? ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቱን ደረበና ወደ ላስቲክ ሻጯ ሱቅ ሄደ።

ላስቲክ ሻጯን ሰው «እማማ ጎማ» ይላታል። ከወገብ በላይም ከወገብ በታችም ክብ ናት፤ ምላሷ ግን ሹል ነው።

«አንተ እስቲ ልየው! ምን ልትጠረጥር መጣህ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ። መኪና ተሰቅላ ሳለች የክንዷን ላስቲክ ብሎን ቢያጠብቅ፣ ምን ይሆናል?»

እማማ ጎማ ከመደርደሪያው አንድ ላስቲክ አውርዳ በመዳፏ ያዘችው። የቡጢ ያህል ነው፤ ውጪው ብረት፣ መሐሉ ላስቲክ፣ ውስጡ ደግሞ ቀጭን የብረት ቱቦ።

«አየህ፣ የውጪው ብረት ክንዱን ይዟል። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ብረት ሻሲውን ይይዛል። በመሐል ያለው ላስቲክ እንዳንተ የጭነት መኪና ቦኮላ፣ እንደዚያ የብረት ቀለበት፣ ግራሶ ጠጥቶ አይዞርም፤ ይጠመዘዛል እንጂ። ተሰቅላ ሳለች ካጠበቅኸው ‹ቤቴ ይህ ነው› ብሎ ይይዛል። ከዚያ ስታወርዳት የሰው አንገት መጠምዘዝ ማለት ነው። ቀን ከሌሊት ወደ ነበረበት ልመለስ እያለ መኪናዋን ወደ ላይ ይገፋታል። መሪውም ይከብዳል፣ አልመለስም ይላል። እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ላስቲኩ እንዲህ እየጮኸ መንገዱ በየት በኩል ይሰማል?»

እስቲ ልየው ላስቲኩን ተቀብሎ አየው።

«ያ የምታውቀው ሰው ደንቆሮ ነው» አለች እማማ ጎማ። «የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀም?»

«ኩራት ይዞት ይሆናል።»

«ደንቆሮም ኩሩም? ወይ ሚስቱ! ምስኪን!» ብላ ሳቀችና፣ ሳቋ ከመሐል ተቆረጠ። ያንን ላስቲክ ማክሰኞ ዕለት ለማን እንደ ሸጠችው ትዝ አላት። ፊቱን አየችው። ምላሰ ሹሏ ሴት የተቀመጠችበትን ወንበር ስባ አቀረበችለት።

«አረፍ በል» አለችው በቀስታ።

ስድቧን ችሎት ነበር። ወንበሯን ግን አልቻለም። ሳይቀመጥ ወጣ።

እግሩ ወደ ልጁ ቤት ወሰደው። በሩ ክፍት ነበር። ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የባሏን ሸሚዞች በመንገድ ሻንጣ ውስጥ ታጥፋለች፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ተኝቷል። አማቹ አልነበረም፤ ስለ ሲሚንቶዋ መኪና ሊነጋገር ወጥቷል።

«ግባ አባዬ።»

ገባ። የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። ካፖርቱን አወለቀ፤ መልሶ ለበሰ።

«አባዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ። «መኪናዋ ተበላሸች ሲለኝ፣ ቀድሞ በልቤ የመጣኸው አንተ ነበርክ። ‹አባቴ ነክቶብህ ነው› አልኩት። እሱ ግን ‹አልነካም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው› አለኝ። አየህ፣ እኔም እንዳንተ ተጠራጣሪ ሆንኩ። ቃልህን ስትጠብቅ አላመንኩህም።»

አማቹ አልነገራትም ማለት ነው። ነጩን ነጥብ አይቷል፣ ማን እንደ ቀባው ያውቃል፣ ግን ለሚስቱ አልነገራትም። በገዛ ልጁ ፊት እንዳያፍር ሸፈነለት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እሱ ደግሞ የሰው ድስት ሲያማስል የኖረው፣ የራሱን ድስት ይዞለት የቆመውን ሰው ሳያይ ነው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦

«ነገ ጠዋት ጋራዥ ይምጣ በይው። ለምኜዋለሁ በይው።»

ልጁ ቀና አለች። አባቷ «ለምኜ» ሲል ሰምታ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት ጋራዡ ዝግ ነው። እስቲ ልየው በሩን ከፍቶ፣ ሁለት ወንበር ከመኪናዋ ፊት ለፊት አስቀምጦ ጠበቀ። ሐኪሟም መጡ፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ነበር የጠራቸው። አማቹ የመንገድ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። እስቲ ልየው ሁለቱን አስቀመጣቸው። ራሱ ቆሞ ቀረ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«ተሰቅላ ሳለች ነው» አለ።

«ምኑ?» አሉ ሐኪሟ።

«ብሎኖቹን ያጠበቅሁት። እሱ አውቆ ትቷቸው ነበር። እኔ ሰነፍ አልኩት፤ ተደብቄ አጠበቅሁ። ሲጠይቀኝም ዋሸሁ። ለምን እንደሚጠይቀኝ አላወቅሁም ነበር፤ አላውቅም ማለትም አፈርኩ። ዶክተር፣ እጅዎ ምንም አልሆነ። እሱም ምንም አላጠፋ።»

ሐኪሟ የተዘረጉ ጣቶቻቸውን ሰብስበው ያዙ። አማቹ ጃኬቱን አወለቀና ቁልፍ ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«አይሆንም፤ እኔ ነኝ የቀባሁት» አለ እስቲ ልየው።

በጎማዋ እንደ ቆመች በጀርባው ከሥሯ ገባ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሆዱ ተጨነቀ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ። በጥፍሩ ነጩን ነጥብ ፋቀው። ቁልፉን አግብቶ በሙሉ ጉልበቱ ጎተተ። ብሎኑ ሲለቅ ላስቲኩ አቃሰተ፤ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ረዥም ድምፅ አሰማ። ሁለተኛውን ፈታ፣ ሦስተኛውን ፈታ፤ መኪናዋ በላዩ ላይ ቀስ እያለች ዝቅ አለች። ያ አውራ ዶሮ አፍንጫዋ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ውይ!» አሉ ሐኪሟ ከውጪ። «ተነፈሰች እኮ!»

መልሶ ያጠበቀው አማቹ ነው። አቅጣጫዋንም ዳግመኛ በክር አስተካከለ። እስቲ ልየው የቀለሙን ጣሳ ከምስማሩ አውርዶ ሰጠው፤ አማቹ እያንዳንዱ ብሎን ላይ ነጥብ አደረገ። እስቲ ልየው ሊያይ አልጎነበሰም። ለመጎንበስ ግን ወገቡ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል።

ሐኪሟ ለብቻቸው ነድተው ወጡ። ሁለቱ ወንዶች በባዶው ግቢ ቀሩ።

«ጋሼ» አለ አማቹ በመጨረሻ፣ «ብሎኑን ማጥበቅዎ አይደለም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ በጥፊ ነው የተማርኩት። ያስቀየመኝ ‹አዎ› ያሉኝ ነው። እኔ እኮ አምኜዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከሥር ሆኜ ነጩን ሳየው ጠርጥሬ ነበር። ከዚያ ‹ጋሼ አይዋሹም፤ ይጠራጠራሉ እንጂ አይዋሹም› ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።»

እስቲ ልየው የቀለሙን ጣሳ አንሥቶ ምስማሩ ላይ መለሰ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ሲግል ይሰማው ነበር። «ለልጄ እኔ እነግራታለሁ» አለ ብቻ።

ያን ጊዜ መኪናዋ በበሩ ገባች። ጉብታውን እንደ ድመት ተሻገረች፤ ታጠፈች፤ መሪው በሐኪሟ መዳፍ ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐኪሟ በመስኮት ጮኹ፦

«ከመታጠፊያው በኋላ አሸዋ ፈሶበታል! ቀይ አሸዋ ነው!»

«ቀለሙንም በመዳፍዎ አወቁ?» አለ አማቹ እየሳቀ።

«ቀለሙንስ በዓይኔ ነው፤ ዓይኔም ገና ነው!» አሉና ቁልፉን ሳይነቅሉ መሪውን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሱት። «ለልጆቼ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። አልሸጥም!»

እስቲ ልየው ወደ አማቹ ዞረ። «ከሞተር በታች ያለው ያንተ ነው። የምትቀበለኝ ከሆነ።»

አማቹ ወደ ዕቃ ሣጥኑ አየ። «እሺ፤ አልሄድም ጋሼ» አለ። እጁን ግን አልሰጠውም፤ በጨርቅ ይወለውለው ነበር።

ከቀትር በኋላ ለልጁ ነገራት። አልጮኸችበትም። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈችውና ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። እስቲ ልየው ሕፃኑን ታቅፎ ተቀመጠ። ሕፃኑ እንግዳ የማይጠረጥር ነው፤ የአያቱን ጣት ይዞ ተኛ። ልጁ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከሻንጣው የወጡትን ሸሚዞች አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው፤ ለአባቷም ሻይ አቀረበችለት። «ስኳር አድርጌበታለሁ» አለችው። ሳይቀምስ አማሰለና ጠጣው። ስኳር አልነበረበትም፤ እሱም ብርጭቆውን ባዶ አድርጎ መለሰላት።

እንግዲህ «አልሄድም» የተባለ ሰው፣ ሸሚዞቹ ሲሰቀሉ ያየ ሰው ማመን ነበረበት። ሰኞ ጠዋት እስቲ ልየው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጋራዡ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ። አፈረ፤ ከትናንቱ ይልቅ አፈረ። ሆኖም ታጠፈና ወደ ሲሚንቶ መጫኛው ግቢ ሄደ፤ ካፖርቱን ወደ ላይ ስቦ ከተደረደሩት ባዶ በርሜሎች ጀርባ ቆመ። ትልቋ የጭነት መኪና ሸራዋን ለብሳ፣ እያቃሰተች በበሩ ወጣች፤ በአጠገቡም አለፈች። ወደ ላይ ቀና ብሎ አየ። መሪውን የያዘው አንድ የማያውቀው ራሰ በራ ሰው ነበር።